ስለ ሙዚቃ ሕክምና ትምህርት

በዚህ ዓመት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል የሚነሣው ወሬ ሁሉ ስለሚመጣው ትምህርት ነው። አንዱ ሕክምና፣ አንዱ ምህንድስና፣ ሌላው ሕግ እያለ ምርጫውን ይናገራል። የእኔ ተራ ደርሶ «የሙዚቃ ሕክምና» ስል ግን ወሬው ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥና «ሙዚቃ ነው ወይስ ሕክምና?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስሙ ለጆሮ አዲስ ከመሆኑም በላይ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን መቆማቸው እንግዳ ይመስላል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረውን ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ ያነበብሁትንና የጠየቅሁትን በመጽሔታችን ላይ ለማስረዳት አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው ምን እንደ ሆነ

ሙዚቃ በሰው መንፈስና በሰው አካል ላይ ኀይል ያለው መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ለመንገር መነሣት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይቈጠራል። እናት ሕፃኗን እሹሩሩ እያለች ታስተኛለች። ገበሬው በደቦ ሲያጭድ ዘፈኑ የማጭዱን አመላለስ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ያደርግለታል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ እንባው ደርቆ የነበረው ሐዘንተኛ ያለቅስና ይቀልለዋል። በመጽሐፈ ሳሙኤልም ንጉሥ ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደ ነበረ ተጽፏል፤ የአገራችንም በገና እስከ ዛሬ «የዳዊት በገና» እየተባለ ይጠራል። ስለ ቅዱስ ያሬድም የሚተረከውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዜማውን ሲያዜም የንጉሡ የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ቢወጋው እርሱም ንጉሡም ከዜማው ጣዕም የተነሣ ሳያውቁት ቀሩ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያቈዩልን፣ ልቡ በዜማ የተያዘ ሰው ሕመሙን ሊረሳ እንደሚችል መመስከራቸው ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ በላይ የጠቀስሁት ሁሉ ገና የሙዚቃ ሕክምና አይባልም። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ራዲዮ መክፈት፣ በበዓል ቀን ለሕሙማን መዘመር፣ የሚያሳዝን ሰው የሚወደውን ዘፈን እንዲሰማ ማድረግ፣ እነዚህ መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ማንም በጎ ሰው ሊያደርጋቸው ይችላል። የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው የሠለጠነ ባለሙያ አንድን ሕመምተኛ በመጀመሪያ መርምሮ፣ ሙዚቃው ሊያደርስበት የሚፈልገውን ግብ ለይቶ፣ በዚያ ግብ ልክ ዕቅድ አውጥቶ ከሠራ በኋላ ውጤቱን እየለካ የሚመዘግብበት ሥራ ነው። ግቡም የሙዚቃ ግብ አይደለም። ሕመምተኛው ጥሩ ዘፋኝ ይሁን አይባልም፤ ይናገር፣ ይራመድ፣ ይተኛ፣ ሕመሙን ይቻለው፣ ከሰው ጋር ይግባባ ይባላል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የአያቴን ታሪክ ላቅርብ። አያቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ደም ሥር በሚዘጋበት ሕመም ተመትተው ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ ንግግራቸውም ጠፋ። የሚነገራቸውን ይሰማሉ፤ ውሃ ሲጠማቸው ግን «ውሃ» ማለት ተስኗቸው በዓይናቸው ወደ ብርጭቆው ያመለክቱ ነበር። አንድ ቀን የአክስቴ ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ አልተው ሲል፣ አያቴ በግራ እጃቸው ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ እሹሩሩውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከነቃሉ አዜሙለት። ቤተሰቡ በሙሉ ተአምር ነው ብሎ ተነሣ። «እንግዲህ ድነዋል» ብለን ውሃ ይፈልጉ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ግን እንደ ቀድሞው በዓይናቸው አመለከቱ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት ይህ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚያዘጋጀው የአንጎል ክፍል በግራ በኩል ይገኛል፤ ዜማ ግን በሁለቱም ወገን ይሠራል። ስለዚህ የግራው ወገን ሲጎዳ መናገር የተሳነው ሰው መዝፈን ሊችል ይችላል። በ1973 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የነበሩ ሐኪሞችና የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ይህን መሠረት አድርገው አንድ ዘዴ አወጡ። ዘዴውም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለሕመምተኛው የሚያስፈልግ አጭር ቃል ይመረጣል፤ ለምሳሌ «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን እንውሰድ። ይህ ቃል ከፍና ዝቅ በሚሉ በሁለት ድምፆች ብቻ ይዜማል፤ በየድምፁም የሕመምተኛው ግራ እጅ በጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ይመታል። ባለሙያው መጀመሪያ ብቻውን ያዜማል፤ ቀጥሎ ከሕመምተኛው ጋር አብሮ ያዜማል፤ ከዚያ በመካከል ዝም ብሎ ሕመምተኛው እንዲጨርሰው ይተወዋል። ይህ ሲሳካ ዜማው በየቀኑ እየተቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ ቃሉ እንደ ተራ ንግግር ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. ጭንቅላታቸውን በጥይት ተመትተው ንግግር ያጡት የአሜሪካ የምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ እንደ ገና መናገርን ሲለማመዱ ከረዷቸው ሕክምናዎች አንዱ የሙዚቃ ሕክምና ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። እሹሩሩው በአያቴ አንደበት ላይ ነበረ፤ «ውሃ» የሚለው ቃል ግን አልነበረም። ከእሹሩሩው ተነሥቶ «ውሃ» እስከ ማለት የሚወስደው መንገድ ረጅምና ደረጃ በደረጃ የሚኬድ ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለመሆን ነው በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚማሩት። አያቴ መንገዱን የሚመራቸው ሰው ሳያገኙ አምና ዐረፉ።

ሌሎችም ምሳሌዎች አሉ። ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም የያዘው ሰው ርምጃው ያጥርና አንዳንድ ጊዜ እግሩ ከመሬት የተጣበቀ ይመስል ቆሞ ይቀራል። ባለሙያው የሕመምተኛውን አረማመድ በሰዓት ይለካል፤ በደቂቃ ስንት ርምጃ እንደሚሄድ ካወቀ በኋላ በዚያው ልክ ምት ያሰማዋል። እግሩ ከምቱ ጋር ሲስማማ ምቱን በጥቂቱ ያፈጥነዋል። ማይክል ታውት የተባሉት ሊቅና የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ዓይነት ለሦስት ሳምንት የተለማመዱ ሕሙማን አካሄዳቸው መፍጠኑን ገልጠዋል። የደቦ ዘፈን ለአጫጁ ክንድ የሚያደርገውን፣ ይህ ምት ለሕመምተኛው እግር ያደርግለታል ማለት ነው።

ያለ ጊዜያቸው ስለ ተወለዱ ሕፃናትም በ2013 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አለ። በ11 ሆስፒታሎች የነበሩ 272 ሕፃናት የተካተቱበት ሲሆን፣ ወላጆቻቸው የመረጡት የእሹሩሩ ዜማ ከሕፃኑ አተነፋፈስ ጋር እየተስማማ ተዘምሮላቸው ነበር። የልብ ምታቸው ሰከን ማለቱና የወላጆቻቸውም ጭንቀት መቀነሱ ተጽፏል።

ሙዚቃ ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ግን አትመኑት። በ2017 ዓ.ም. በ9 አገሮች የሚኖሩ ኦቲዝም ያለባቸው 364 ሕፃናት የገቡበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሙዚቃ የታከለላቸው ሕፃናት ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ካልታከለላቸው የሚበልጥ ጉልህ ለውጥ እንዳላሳዩ ጥናቱ ገልጧል። ይህን ውጤት ራሳቸው የሙያው ሰዎች አጥንተው ራሳቸው አሳተሙት። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለሙያው ያለኝ አክብሮት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ የራሱን ሥራ መዝኖ ጎደለ ለማለት የሚደፍር ሙያ ሊታመን ይገባዋልና።

ትምህርቱ እንዴት እንደ ተጀመረ

በሙዚቃ ማሳረፍ ጥንታዊ ቢሆንም በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚሰጥበት ትምህርት ከሆነ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ስለ ማከም አንድ ኮርስ ሰጥቶ ነበር። ነገሩ የተስፋፋው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በአካልም በመንፈስም የቆሰሉ ወታደሮች የአሜሪካን ሆስፒታሎች ሲሞሉ ሙዚቀኞች በበጎ ፈቃድ እየሄዱ ይጫወቱላቸው ነበር። ሐኪሞችና ነርሶች በሕሙማኑ ላይ ለውጥ ስላዩ ሆስፒታሎቹ ሙዚቀኞችን መቅጠር ጀመሩ። ነገር ግን ጥሩ መጫወት ብቻውን እንደማይበቃ ወዲያው ታወቀ። ሙዚቀኛው ስለ ሕመሙ አያውቅም፤ ምን መጫወት እንዳለበት፣ መቼ ማቆም እንዳለበትም የሚነግረው አልነበረም። ስለዚህ ልዩ ትምህርት አስፈለገ።

በ1944 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም የመጀመሪያውን የሙዚቃ ሕክምና የዲግሪ ትምህርት አቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። በዚያ ያስተምሩ የነበሩት ኢ. ቴየር ጋስተን በአሜሪካ የሙያው አባት እየተባሉ ይጠራሉ። በ1950 ዓ.ም. የሙያው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1983 ዓ.ም. ባለሙያዎችን የሚፈትን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ማኅበሮች ተዋሕደው የአሜሪካ የሙዚቃ ሕክምና ማኅበር ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ጁልየት አልቪን የተባሉት ሴሎ ተጫዋች በ1958 ዓ.ም. ማኅበር አቁመው በ1968 ዓ.ም. በለንደን በሚገኘው በጊልድሆል ትምህርት ቤት ኮርስ ከፈቱ።

በዩኒቨርሲቲ ምን ይማሩበታል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እንደ አገሩ ሥርዓቱ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ትምህርቱ በማስተርስ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በመንግሥት መዝገብ ያልተመዘገበ ሰው በሙያው ስም እንዳይጠራ ሕግ ይከለክለዋል። ከአፍሪካ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ አስተምሯል። በአሜሪካ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ተማሪ ወዲያውኑ በመጀመሪያ ዲግሪ ሊጀምረው ስለሚችል፣ ለእኛ ዓይነቱ ተማሪ ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። እኔም በዝርዝር ያጠናሁት እርሱን ነው።

ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ ሁለት ፈተና ያልፋል። አንደኛው እንደ ማንኛውም ተማሪ በትምህርት ውጤቱ የሚመዘንበት ነው። ሁለተኛው የሙዚቃ ችሎታ ፈተና ነው፤ በአንድ መሣሪያ ወይም በድምፁ ተዘጋጅቶ ይጫወታል። በጆሮ ብቻ ክራርና ማሲንቆ የተማረ ሰው ችሎታው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በኖታ የተጻፈ ሙዚቃ ማንበብን አስቀድሞ ቢማር ይበጀዋል፤ ትምህርቱ በኖታ የሚካሄድ ነውና።

ከገባ በኋላ በማኅበሩ መመሪያ መሠረት ከመቶ 45 ያህሉ የሙዚቃ ትምህርት ነው፤ የሙዚቃ ሥርዓት፣ ታሪክ፣ ጆሮን ማሠልጠንና ዋና መሣሪያን ማጥናት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከመቶ 15 ያህሉ ስለ ሰው የሚማሩበት ነው፤ ይኸውም የሰውነት ክፍሎችና አሠራራቸው፣ ሥነ ልቡና፣ የአእምሮ ሕመም ዓይነቶችና የመሳሰሉት ናቸው። ሌላው ከመቶ 15 ሙያው ራሱ ነው፤ ሕመምተኛን መመርመር፣ ዕቅድ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ ጥናት ማንበብና የሙያ ሥነ ምግባር ይማሩበታል። የቀረው እንደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚወሰድ ጠቅላላ ትምህርት ነው። ዋናው መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ተማሪው ጊታር፣ ፒያኖ፣ ከበሮ መሰል መሣሪያዎችንና ድምፁን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ መቻል አለበት። ፒያኖ ወደ ሕመምተኛ አልጋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለምና!

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተግባር ልምምዱ ነው። ተማሪው ገና ትምህርት ላይ ሳለ በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር ወደ ሆስፒታል፣ ወደ አረጋውያን ቤትና ወደ ልዩ ትምህርት ቤቶች እየሄደ ይለማመዳል። ኮርሱን ሲጨርስ ኢንተርንሺፕ የተባለውን የሙሉ ጊዜ ልምምድ ይሠራል። ጠቅላላው የልምምድ ጊዜ ከ1,200 ሰዓት አያንስም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 900ው በኢንተርንሺፕ የሚፈጸም ነው። ከዚህ በኋላ 150 ጥያቄዎች ያሉት የቦርድ ፈተና ይቀርብለታል። ይህን ያለፈ ሰው በሙያው ስም ሊጠራና ሊሠራ ይችላል፤ ያም ሆኖ ማዕረጉን ለማደስ በየአምስት ዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት መማሩን ማስረዳት ይኖርበታል።

በልምምድ ጊዜ ተማሪው ሊያሸንፈው የሚገባ ትልቅ ጠላት አለ። እርሱም ጭብጨባ መውደድ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመድረክ ላይ ሲጫወት የተጨበጨበለት ሰው በሕመምተኛ ፊት ሲቀመጥ ችሎታውን ማሳየት ያምረዋል። በዚህ ሙያ ግን የሚጠየቀው ሕመምተኛው ያን ዕለት ያደረገው ነገር ነው። ተማሪው ሁለት ድምፅ ብቻ ተጫውቶ ሕመምተኛው አንድ ቃል ካወጣ ቀኑ ተሳክቷል። በመዝገቡም ላይ «ዛሬ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያለ ረዳት ተናገረ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ፣ ዘፈኑ እንዴት እንዳማረ አይጻፍም።

ሁለተኛውም ነገር ሙዚቃውን የሚመርጠው ሕመምተኛው መሆኑ ነው። ያዘነን ሰው የደስታ ዘፈን ቢያሰሙት ብስጭቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከሐዘኑ ጋር የሚስማማ ዜማ አሰምተው ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ይወስዱታል። ይህን የእኛ አልቃሾች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ደግሞም ለአንዱ መዝሙር የሚያጽናናው፣ ለሌላው መንዙማ ያጽናናዋል፤ በጾም ወራት ዘፈን መስማት የማይፈልግም አለ። አንዳንድ ዜማ የሞተ ልጅን ወይም ጦርነትን የሚያስታውስ ሆኖ ቍስል ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሳይጠይቅ አይጀምርም፤ በሥራው ላይ የሰማውንም ምስጢር አያወጣም።

ስለ እንጀራውና ስለ አገልግሎቱ

አባቴ አሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ መጀመሪያ የተናገሩት «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ?» የሚለውን ነበር። ይህ አነጋገር በብዙ ወላጆች ልብ ያለ ስለ ሆነ ልሸሽገው አልፈልግም። ቀጥለውም ሁለት ነገር ጠየቁኝ፤ «እንጀራው ምንድን ነው? ተምረሽ ስትመለሺስ ማንን ትረጂበታለሽ?» አሉኝ።

ስለ አዝማሪ የምመልሰው አጭር ነው። አዝማሪ በፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ ደስታውን ወይም ሐዘኑን አውቆ፣ ለእርሱ የሚስማማውን ግጥምና ዜማ ወዲያው የሚያወጣ ሰው ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሙዚቃ ሕክምና ተማሪ ብዙ ሰዓት ተሰጥቶት ከሚማራቸው ችሎታዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ በስሙ አላፍርም። ደግሞም የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ወጣት ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ዌልስ የላኳቸው ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበሉ፤ በኋላም በቦስተን በሚገኘው በበርክሊ ተማሩ። በርክሊ ዛሬ የሙዚቃ ሕክምናን በዲግሪ ከሚያስተምሩት ኮሌጆች አንዱ ነው።

ስለ እንጀራው እውነቱን ልናገር። በአሜሪካ የሙያው ሰዎች በሆስፒታሎች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በአረጋውያን ቤቶችና በማገገሚያ ቦታዎች ይሠራሉ። ደመወዛቸው ከሐኪምና ከመሐንዲስ ያንሳል። ለውጭ አገር ተማሪ የትምህርቱ ዋጋ ከባድ ነው፤ ከኢንተርንሺፕ ቦታዎችም ብዙዎቹ ለተለማማጁ ምንም አይከፍሉም። እንግዲህ ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቤተሰቡን ወደ ዕዳ እንዳያገባ አስቀድሞ ያስላ። እኔም ነፃ ዕድል ካላገኘሁ እንደማልሄድ ለአባቴ ቃል ሰጥቻለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ስመለስ «የሙዚቃ ሕክምና ክፍል» የሚል ጽሕፈት በበሩ ላይ ተለጥፎ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀኝ አይመስለኝም። ምናልባት በፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ፣ ወይም በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት፣ ወይም እንደ መቄዶንያ ባለ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ተሰጥቶኝ ሥራውን በሥራ ማስረዳት ይኖርብኛል። ይህ እንደሚቻል ግን ምስክር አለኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ፣ መንገዱ ተጠርጎ አልጠበቃቸውም። አስፈላጊነቱን በቤታቸው ስላዩ ጀመሩት።

ሌላም ነገር አለ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ያረጁና የታመሙ አሉ። ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት የሚያስታውሱት ዜማ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተቃኘ እንጂ የእንግሊዝኛ ዘፈን አይሆንም። ዜማውን የሚመርጠው ሕመምተኛው ከሆነ ዘንድ፣ ቅኝታችንን የሚያውቅ ባለሙያ በዚያም በዚህም ያስፈልጋል።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው እስካሁን «እሺ» አላሉኝም፤ «እምቢ»ም አላሉም። ለፈተናዬ በርትቼ እንዳጠና ብቻ አሳስበውኛል። ምክራቸው ትክክል ስለ ሆነ እየፈጸምሁት ነው።

ለክፍል ጓደኞቼ

ከመካከላችሁ ይህን ትምህርት የሚመኝ ቢኖር ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ባዮሎጂንና እንግሊዝኛን አይናቅ፤ ሙዚቃ ስለሚወድ ብቻ ያልፋል ብሎ እንዳይታለል። ሁለተኛ፣ አንድ መሣሪያ በደንብ ይያዝ፣ ኖታ ማንበብ ይማር፣ በሰው ፊት መዝፈንንም ይልመድ። ሦስተኛ፣ በዕረፍት ቀኑ ወደ አረጋውያን ቤት ሄዶ ያገልግል፤ በሕሙማን መካከል መቀመጥ የማይችል ሰው ይህን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቢያውቀው በሃያ ሁለት ዓመቱ ከሚያውቀው ይሻለዋል። አራተኛ፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሲጽፍም ትምህርታቸው በማኅበሩ የጸደቀ መሆኑን፣ ለውጭ አገር ተማሪ ዕርዳታ ይሰጡ እንደ ሆነና የሙዚቃ ፈተናውን በተቀረጸ ድምፅና ምስል ይቀበሉ እንደ ሆነ ይጠይቅ።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። በቤታችሁ በስትሮክ ምክንያት መናገር የተሳነው ሰው ቢኖር ዝምታውን እንደ አለማወቅ አትቍጠሩበት። ወደ ሐኪምና ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ ውሰዱት። ቤት ስትሆኑም ልጆቻችሁ አጠገቡ ተቀምጠው የሚወደውን መዝሙር ወይም ዘፈን ቀስ ብለው ያዚሙ፤ መካከል ላይም ዝም ብለው ይጠብቁት። ይህ ሕክምና አይባልም፤ የባለሙያንም ቦታ አይተካም። ነገር ግን የቀረውን ቃል እርሱ ራሱ ይጨርሰው ይሆናል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ሰው እንዳልጠፋ ታውቃላችሁ።